ሥጋ የሌለው የቦሎቄ ወጥ ለብርድ ማታ እንዲበረታ፦ አንድ ጥያቄና 20 መልሶች

የውይይቱን ክር (ጥያቄውና መልሶቹ ተከታትለው የተጻፉበትን) የከፈተችው ሴት ያነሳችው ጉዳይ ግልጽ ነው። ለ6 ሰው እራት የሚበቃ፣ ሥጋ፣ ቅቤና ወተት የሌለበት የቀይ ቦሎቄ ወጥ መሥራት ትፈልጋለች፤ አሠራሩንም ምንም ሳታስቀር ዘርዝራለች። 500 ግራም ደረቅ ቀይ ቦሎቄ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል። ከዚያ 2 ራስ ሽንኩርት፣ 4 ካሮት፣ 4 ድንች፣ 800 ግራም የታሸገ ቲማቲም፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 2 ሊትር ውሃ ሁሉም አንድ ላይ ይገባና ድስቱ ይከደናል። 3 ሰዓት ሙሉ ተንተክትኮ ሲከፈት ድንቹ ሟሙቷል፣ ካሮቱ ልፍስፍስ ብሏል፣ ቦሎቄው ግን ሲነከስ መሃሉ ገና ደረቅ ነው። መረቁ ቀጥኗል፤ ከቲማቲም በቀር ሌላ ጣዕም የለውም። የበላውም ሰው ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይርበዋል። ጥፋቱ የቦሎቄው ነው፣ የእሳቱ ነው ወይስ ሥጋ የሌለው ወጥ ከዚህ አያልፍም? ጥያቄዋ ይኸው ነው።

መልሶቹን ከዚህ በታች በየቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። አንዳንዱ አንድ መስመር ነው፣ አንዳንዱ ረጅም። የተደጋገመውን አሳጥሬያለሁ፤ መጠንና ሰዓት ያለበትን ግን አልነካሁትም።

1. የመጀመሪያው መላሽ ሰላምታ ሰጥቶ በቀጥታ ወደ ቲማቲሙ ሄደ። ቦሎቄን አጣብቆ የያዘው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው፤ ቦሎቄ በሰለ የምንለው ይህ ፔክቲን በሙቅ ውሃ ሲላላ ነው። ቲማቲም፣ ሎሚና ኮምጣጤ አሲድ ስላላቸው ፔክቲኑን እንዳይላላ አጥብቀው ይይዙታል። ስለዚህ ቦሎቄው ለብቻው በውሃ ይቀቀል፤ ቲማቲሙ የሚገባው ቦሎቄው ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላ ነው። መብሰሉን ለማወቅ ደግሞ አንድ ፍሬ መቅመስ አይበቃም አለ። ከአንድ ከረጢት የወጣ ቦሎቄ እኩል አይበስልምና ከድስቱ የተለያየ ቦታ 5 ፍሬ አውጥቶ አቀዝቅዞ በምላስና በላንቃ መካከል መጫን ነው። አንዷ እንኳ ከጠነከረች ገና ነው። ከዚህ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ ይህን መልስ አልነቀነቀውም።

2. ሁለተኛዋ መላሽ ከ1 ጋር ትስማማለች፤ ቀጠነ ለሚለው ቅሬታ ግን መልሱ ያለው ውሃው ላይ ነው አለች። 500 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ሲዘፈዘፍ የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ጠጥቶ ወደ 1 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ በስሎ ሲወጣ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ጥሙን አስቀድሞ ያረካ ቦሎቄ በማብሰያው ሰዓት ብዙ ውሃ አይጠጣም። 2 ሊትር ውሃ ላይ 800 ግራም ቲማቲም ሲጨመርበት የሚወጣው ሾርባ ነው። ቦሎቄው በራሱ ድስት፣ ውሃው ከላዩ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀቀልና መረቁ ይቀመጥ፤ ወጡ ላይ የሚጨመረው ከዚያ መረቅ 700 ወይም 800 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ከቦሎቄው የወጣው ስታርች እዚያ ውስጥ ስላለ ወጡን ያያይዘዋል። የሚደፋው የመዘፍዘፊያው ውሃ እንጂ የመቀቀያው አይደለም፤ ይህን ሁለት ጊዜ ጽፋዋለች፣ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታልና።

3. አንድ መስመር፦ ቦሎቄው አሮጌ ሊሆን ይችላል። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ጥራጥሬ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክም በቀላሉ አይላላም፤ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ አድሮ ጠዋት ቆዳው እንደተጨማደደ ከሆነ ሌላ ከረጢት ይከፈት።

4. አራተኛው መላሽ ይህን ሁሉ ማብራሪያ ትቶ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ቤኪንግ ሶዳ ድስቱ ውስጥ ይጨመርና ያበቃል አለ።

5. አምስተኛዋ ወንድሜ ብላ ጀምራ፣ መጠኑ ላይ ግን ምንም ሳታመነታ አረመችው። ሶዳ ፔክቲኑን ያላላል፤ እውነት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ለ500 ግራም ቦሎቄ ግን ቆዳውን ያስረግፈዋል፣ ውስጡን ገንፎ ያደርገዋል፣ ምላስ ላይ የሳሙና ጣዕም ያስቀራል፣ ቪታሚን ቢ1ንም ያጠፋል። ከተፈለገ የሻይ ማንኪያ ሩብ ይበቃል። ከሶዳ ይልቅ ግን ጨው ይሻላል ባይ ናት፦ ለ1 ሊትር መዘፍዘፊያ ውሃ 15 ግራም ጨው ተሟምቶ ቦሎቄው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያድርበት፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ ይለቅለቅ። የቦሎቄ ቆዳ የሚጠነክረው በካልሲየምና በማግኒዝየም ነው፤ በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ቦታቸውን ሲይዝ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ሲፈላም እኩል ያብጣል እንጂ አይሰነጠቅም። ጨው ጥራጥሬን ያደነድናል የሚለው አባባል ከዚህ ጋር አብሮ ይቅር ብላ ጨረሰች።

6. አራተኛው ተመልሶ መጣ። መጠኑን ተቀበለ፣ ሐሳቡን ግን አልለቀቀም። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያበጅ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ እንዲህ ባለ ውሃ ጨው ብቻውን አይበቃም፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ የግድ ነው አለ። በዚህ ልክ ነው፤ አምስተኛዋም አልተቃወመችም።

7. ከዚህ በኋላ የመጣው መልስ ከሁሉ ረጅሙ ነው፤ ለእኔም ከሁሉ የሚጠቅመው። ጸሐፊዋ ስለ ቦሎቄው ምንም አልጨመረችም፤ ቁሌቱ የት አለ ብላ ነው የጠየቀችው። ሥጋ ሲጠበስ ከድስቱ ወለል ላይ የሚይዘው ቡናማ ነገር ነው ወጥን ወጥ የሚያደርገው። ሥጋ ከሌለ ያን ከሽንኩርት ማውጣት ያስፈልጋል፤ 2 ራስ ሽንኩርት ጥሬውን ውሃ ውስጥ ከተጨመረ ከየትም አይመጣም።

መጠኑ ለ500 ግራም ቦሎቄ 600 ግራም ሽንኩርት፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ጨው ነው። ሽንኩርቱ በደቃቁ ይከተፍ፣ ወለሉ ወፍራም የሆነ ሰፊ ድስት ላይ በመካከለኛ እሳት ይቁላላ። ሰዓት ከማየት ይልቅ ጆሮ መስጠት ይሻላል አለች። መጀመሪያ ድስቱ ይንጫጫል፤ ያ ከሽንኩርቱ የሚወጣው ውሃ ነው፤ ውሃው እያለ ቀለም አይመጣም። ከ10 ደቂቃ በኋላ ድምፁ ይሰክናል፣ ዘይቱ በዳር በዳር ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ሽንኩርቱ ወለሉን መያዝ ይጀምራል። የያዘው ቡናማ ሲሆን፣ ሳይጠቁር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጎ በእንጨት ማማሰያ ወለሉን መፋቅ ነው። ቀለሙ ወደ ሽንኩርቱ ይመለሳል። ይህ 3 ጊዜ ሲደገም ሽንኩርቱ ከግማሽ በታች ወርዶ፣ ቀለሙ የደረቀ ቴምር መስሎ፣ ማማሰያው ሲያልፍበት መንገድ ትቶ ይቀራል። በጠቅላላው ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ነው።

ከዚያ 6 ፍንክት ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ ሁለቱም ተወቅጠው፣ ለ1 ደቂቃ ብቻ። ነጭ ሽንኩርት ከሽንኩርቱ ጋር ከመጀመሪያው ከገባ ሽንኩርቱ ሳይቀላ እሱ አርሮ ይመራል። ቀጥሎ 3 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፤ ይህም ጥሬው እንዳይቀር 4 ወይም 5 ደቂቃ በዘይቱ ይጠበስ፣ ደማቁ ቀይ ወደ ሸክላ ቀለም እስኪዞርና ዘይቱ ከዳር እስኪለይ። የተፈጩት ቅመሞች መጨረሻ ናቸው፦ 1 የሾርባ ማንኪያ ፓፕሪካ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ። ሽታቸው የሚፈታው በዘይት ውስጥ ስለሆነ ቀድመው ውሃ ላይ መነስነስ ብክነት ነው፤ ግን ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ነው የሚፈልጉት። የቦሎቄው መረቅ አጠገብ ተዘጋጅቶ ይቆይ፣ ሽታው እንደተነሳ ወዲያው ይፍሰስበት። ያረረ ቅመም መድኃኒት የለውም፤ ስኳርም ውሃም አያድነውም፣ እንደገና መጀመር ነው። ይህን ስትጽፍ አልለዘበችም።

8. ስምንተኛው የ7ን መልስ አመስግኖ እንጉዳይ ጨመረበት። እንጉዳይ ውስጥ ብዙ ግሉታሜት አለ፤ ሥጋ ሥጋ የሚል ጣዕም የሚሰጠው እሱ ነው። 400 ግራም ትኩስ እንጉዳይ ዘይት በሌለው የጋለ መጥበሻ ላይ፣ ሳይደራረብ፣ በሁለት ዙር ይጠበስ። ከክብደቱ 90 በመቶ ያህሉ ውሃ ነውና ያ ውሃ ወጥቶ እስኪተን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨመርና ይቅላ። ተደራርቦ ከገባ በራሱ ውሃ ይቀቀላል፤ ግራጫና ላስቲክ ይሆናል። የደረቀ እንጉዳይ ከተገኘ 20 ግራሙ በ300 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ለ30 ደቂቃ ይዘፍዘፍ፤ ውሃው ከራሱ ከእንጉዳዩ ይበልጥ ዋጋ አለው፣ በንጹህ ጨርቅ አጥልሎ ወጡ ላይ ማፍሰስ ነው፣ አሸዋ ስለማይጠፋው። ከዚያ በላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ። ብዙው ሶያ ሶስ ስንዴ እንዳለበት፣ ግሉተን (ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የማይስማማው ሰው ገበታ ላይ ካለ መለያውን ማንበብ እንደሚገባም አስታወሰ። የተዘጋጀ የመረቅ ዱቄት የሚጠቀም ሰውም መለያውን ያንብብ፤ አትክልት የሚል ተጽፎበት የወተት ዱቄት ያለበት አለና።

9. እዚህ ላይ ክሩ መንገዱን ለቀቀ። አንዲት ጠያቂ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ለሚውል ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ ነው፣ ጠዋት ሁሉንም ስሎው ኩከር (በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት) ውስጥ ከትቶ ማታ ማግኘት አይቻልም ወይ አለች።

10. ይቻላል የሚል መልስ ወዲያው መጣ። ቦሎቄው ሳይዘፈዘፍ፣ ሳይፈላ፣ በዝቅተኛው ሙቀት 8 ሰዓት።

11. አስራ አንደኛው መልስ ቁጣ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ ሲባባሉ ቆይተው እዚህ ላይ አንተ ተባለ። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ፋይቶሄማግሉቲኒን የሚባል መርዝ አለ፤ ከጥራጥሬዎች ሁሉ ብዙ የሚገኘውም በቀይ ቦሎቄ ውስጥ ነው። 4 ወይም 5 ጥሬ ፍሬ እንኳ ሰውን ሊያሳምም ይችላል፤ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማቅለሽለሽ፣ ከባድ ትውከት፣ ከዚያ ተቅማጥ ይከተላል። ይህ መርዝ የሚጠፋው በሚፈላ ውሃ ነው። ስሎው ኩከር በዝቅተኛው ሙቀት መፍላት ላይ ላይደርስ ይችላል፤ 80 ዲግሪ አካባቢ የቆየ ቦሎቄ ደግሞ ከጥሬው ይበልጥ መርዛማ ሊሆን እንደሚችል የታወቀ ነው። ለስልሶ የበሰለ መስሎ ሲገኝ ነው አደጋው።

ስለዚህ ቢያንስ 5 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ውሃው ይደፋ፣ በአዲስ ውሃ በኃይል ይፍላ። 10 ደቂቃ ሙሉ መፍላት መርዙን ያጠፋል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግን ለጥንቃቄ 30 ደቂቃ ይላል። ከዚያ በኋላ ስሎው ኩከር ውስጥ ይግባ፣ ማንም አይከለክልም። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ቦሎቄ አስቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ይህ አይመለከተውም። 10ን፣ ይህ የአመለካከት ጉዳይ አይደለምና ሰው ሳያነበው መልስህን አስተካክል አለው። ንግግሩ ሻካራ ነው፤ ልጆች የሚበሉት ምግብ ላይ ለተነገረ ስህተት ግን አልበዛም እላለሁ።

12. አስረኛው ተቆጥቶ ተመለሰ። ሽንብራና ምስር በዚያው ዕቃ ደጋግሞ ሲሠራ ማንም እንዳልታመመ፣ ሰውን ማስፈራራት ዕውቀት እንዳልሆነ ጻፈ።

13. አስራ ሦስተኛዋ ሁለቱንም ወንድሞቼ ብላ ገባች። ሽንብራና ምስር ይህ መርዝ እንደ ቀይ ቦሎቄ የለባቸውም፤ ስለዚህ የ10 ልምድ ውሸት አይደለም። ነጭ ቦሎቄም ቢሆን የቀዩን ሲሶ ያህል ይዟል። ክሩ የተከፈተው ግን ስለ ቀይ ቦሎቄ ነው፤ በሽንብራ የሠራው ነገር ለቀይ ቦሎቄ ማስረጃ አይሆንም። አስረኛው ከዚህ በኋላ መልሱን አስተካክሎ፣ ሳይፈላ የሚለውን አወጣው። ምንም ሳይል ነው ያወጣው፤ መልካም አደረገ።

14. ይኸኛው ሰዓት ለቸገረው ፕሬዠር ኩከር (እንፋሎቱን አፍኖ በግፊት የሚያበስል ድስት) ይሻላል ባይ ነው። በውስጡ ያለው ሙቀት ወደ 120 ዲግሪ ስለሚጠጋ የተዘፈዘፈ ቀይ ቦሎቄ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ እሳቱ ጠፍቶ እንፋሎቱ በራሱ ይውጣ፣ ቫልቩ (የእንፋሎት መውጫው) በድንገት ከተከፈተ ቦሎቄው ይፈነዳል። ጥራጥሬ አረፋ ያበዛልና ዕቃው ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ አረፋው ቫልቩን ይዘጋዋል። 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አረፋውን ይቀንሰዋል። ድልህና ወፍራም ቁሌት እዚያ ውስጥ አይግባ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ያራል። ቦሎቄው ብቻ እዚያ ይብሰል፣ ወጡ በድስት ይሠራ።

አንድ ነገር ጨመረ፣ ብዙዎች የዘነጉት። ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ የውሃ መፍያ ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ 2,400 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ቦሎቄ በጣም ይዘገያል፤ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ሰዓት አይሠራም። በ11 የተነገረው 30 ደቂቃም ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው። በፕሬዠር ኩከርም ቢሆን ከ600 ሜትር በላይ ለየ300 ሜትሩ ከሰዓቱ ላይ 5 በመቶ ይጨመር።

15. አስራ አምስተኛዋ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መለሰችን። ሰው ለምን ቶሎ ይርበዋል? በመጀመሪያው አሠራር ለ6 ሰው 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ነው የገባው፤ ዘይት ምግብ ሆድ ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋል፣ በ7 የተባለው 5 ማንኪያ ስለዚህም ትክክል ነው። ሁለተኛው ቦሎቄው ሳይበስል ስለሚቀር ሰው ድንቹንና መረቁን በልቶ ፍሬውን ሳህን ላይ መተዉ ነው። 500 ግራም ደረቅ ቦሎቄ በደንብ ቢበላ ለአንድ ሰው ወደ 19 ግራም ፕሮቲን ያደርሳል፤ 100 ግራም ቀይ ምስር ክክ ቢጨመርበት ሌላ 4 ግራም። ክኩ ከቲማቲሙ ጋር ገብቶ 25 ደቂቃ ውስጥ ይሟሟል፣ ማንም ሳያየው ወጡን ያወፍረዋል። ዱቄት አያስፈልግም፤ ዱቄት የጓጎለበትን ወጥ ማንም አይወደውም። ከዚያ 2 ጭልፋ የበሰለ ቦሎቄ አውጥቶ በሹካ ደምስሶ መመለስ ነው። ሁሉንም መፍጨት ግን ስህተት ነው፤ የሚታኘክ ነገር ያስፈልጋል። 2 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤም ያወፍራል፣ ለውዝ የማይስማማው ሰው አለመኖሩ ከተረጋገጠ።

16. አንድ ነገር ልጨምር ብሎ የጀመረው አስራ ስድስተኛው መላሽ፣ በእኔ ዓይን የክሩን ቋጠሮ የፈታው እሱ ነው። 15ን በእርጋታ አረማት፦ በ1 የተነገረው ሕግ ለምስርም ይሠራልና ክኩ ከቲማቲሙ በፊት ይግባ፣ ካልሆነ ይዘገያል። ቀጥሎ ግን ያንኑ ሕግ ገለበጠው። ቦሎቄውን ያደነደነው አሲድ ድንቹን ያድነዋል። ድንች የሚሟሟው በንጹህ መረቅ ውስጥ ሲቆይ ነው፤ ቲማቲሙ ከገባ በኋላ ከተጨመረ ግን ዳርና ዳሩ ሳይፈርስ ይበስላል፣ ጥቂት ደቂቃ ይዘገያል እንጂ። ጠያቂዋ የጠላችው ነገር ሁሉ፣ የደረቀው ቦሎቄም የሟሟው ድንችም፣ የመጣው ሁሉም ነገር በአንድ ሰዓት ስለገባ ነው። ዕቃዎቹ ላይ ምንም ጥፋት የለም።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አስቀመጠ። ቦሎቄው በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ይለቀለቃል፣ 30 ደቂቃ በኃይል ይፈላል፣ እሳቱ ቀንሶ እስኪበስል ይንተከተካል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ። በዚያ መካከል ቁሌቱ በ7 እንደተባለው ይሠራል። ቦሎቄው፣ 750 ሚሊ ሊትር መረቁ፣ ምስር ክኩና በ3 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠው ካሮት ቁሌቱ ላይ ገብተው 20 ደቂቃ ይንተከተካሉ። ከዚያ ቲማቲሙና በካሮቱ ልክ የተቆረጠው ድንች፣ ክዳኑ ገርበብ ብሎ፣ 30 ደቂቃ። ክኩ ወለሉን ስለሚይዝ በየ5 ደቂቃው ከሥር ማማሰል ያስፈልጋል። እንጉዳዩና ሶያ ሶሱ በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች፣ ቆስጣ ካለ በመጨረሻዎቹ 5። ጨው የሚስተካከለው እዚህ ነው፦ ለ3 ኪሎ ግራም ወጥ በጠቅላላው ወደ 25 ግራም፣ ሶያ ሶሱ ውስጥ ያለውን ጨምሮ። እሳቱ ጠፍቶ ተከድኖ 15 ደቂቃ ይረፍ። ሲፈላ ቀጭን የመሰለው ወጥ በዚህ ዕረፍት ነው ራሱን የሚሰበስበው።

17. ለልጆች ይህ ብቻ ይበቃል ወይ የሚል ጥያቄ ገባ፣ መልሱም እዚያው ነበር። ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት በቀላሉ ወደ ሰውነት አይገባም፤ ቲማቲሙና ገበታ ላይ የሚጨመቅ ሎሚ በቪታሚን ሲያቸው ያግዙታል፣ ሻይና ቡና ደግሞ ያግዱታልና ከምግቡ 1 ሰዓት ይራቁ። ቪታሚን ቢ12 ግን ከዕፅዋት አይገኝም። ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማይበላ ቤተሰብ ቢ12 ከተጨመረበት ምግብ ወይም ከኪኒን ማግኘት አለበት፤ በወጥ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም።

18. አስራ ስምንተኛዋ ስለ ማረርና ስለ ተረፈ ወጥ ጻፈች። ወለሉ ካረረ አይፋቅ፣ አይማሰልም፤ የላይኛው ወደ ሌላ ድስት ይገልበጥ፣ የተጣበቀው እዚያው ይቅር። የተረፈውን ደግሞ ቤቱ ብርድ ነው ብሎ ምድጃ ላይ ማሳደር አይገባም። መፍላት የማይገድላቸው የባክቴሪያ ዘሮች አሉ፤ ትልቅ ድስት መሃሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ስለሚቆይ እዚያ ይራባሉ። ጥልቀታቸው ከ5 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ዕቃዎች ተከፋፍሎ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ በ3 ወይም በ4 ቀን ይበላ። ሲሞቅ መሃሉም እስኪንተከተክ ይሙቅ። ፍሪዘር ውስጥ ለማቆየት ከሆነ ድንቹ አስቀድሞ ይውጣ፤ ቀዝቅዞ ሲፈታ ውሃ ውሃና ሻካራ ይሆናል።

19. ከሁለት ቀን በኋላ ጠያቂዋ ተመለሰች። በ16 ቅደም ተከተል ሠርታዋለች። ቦሎቄው በስሏል፣ ድንቹ ቅርጹን ይዟል፣ ወጡም ማንኪያ ላይ ይቆማል። ሁለት ነገር ግን ቀረ አለች፦ ኮምጠጥ ይላል፣ በማግስቱ ደግሞ ከፍሪጅ ሲወጣ እንደ ገንፎ ጠጥሮ ተገኘ።

20. የመጨረሻውን መልስ የጻፈችው ያው የ7ኛው መልስ ባለቤት ናት፤ እህቴ ብላ ጀመረች። 800 ግራም ቲማቲም የተለካው ለ2 ሊትር ውሃ ነበር፤ ውሃው ሲቀነስ ቲማቲሙ እዚያው ቀረ። ድልሁም ስላለ ሌላ ጊዜ 400 ግራም ይበቃል። አሁን ድስቱ ውስጥ ላለው የሻይ ማንኪያ ስምንተኛ የምታህል ቤኪንግ ሶዳ ይነስነስበት፤ አረፋ ይነሳል፣ አረፋው እስኪጠፋ ይማሰል፣ ከዚያ ይቀመስ። ካልበቃ ሌላ ስምንተኛ፤ ከዚያ በላይ ግን አይሆንም፣ ጣዕሙ ይሞታል። ስኳር ኮምጣጣነቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያነሳውም። የጠጠረው ደግሞ አልተበላሸም፦ ስታርቹ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። 150 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ተጨምሮበት በቀስታ እሳት እየተማሰለ ሲንተከተክ ይፈታል፤ ጨውና ሎሚው የሚቀመሰው ከተፈታ በኋላ ነው፣ ቀዝቃዛ ወጥ ላይ ጨው በትክክል አይታወቅምና።